«ተጠንቀቂ» የማይባልበት ቤት

የዱላ ጫፍ አስፋልት ሲመታ የሚሰማው ቷ፣ ቷ የሚል ድምፅ ዛሬም ከጅማ መንገድ ሲመጣ የያዝኩትን ሥራ ያስጥለኛል። የሰበታ ሰው ይህን ድምፅ ለምዶታል፤ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው እየተሳሳቁ ሲያልፉ ሚኒባሶቹ ቆመው ያሳልፏቸዋል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር፣ ታናሽ እህቴ ዲንቄ ዱላ ሳትይዝና እጇን የሚይዝላት ሳይኖር በግቢያችን ጭቃ ውስጥ የተመላለሰችበት ክረምት ይመጣብኛል።

ዲንቄ ዓይኗን ያጣችው ገና ሕፃን ሳለች ታማ ነው። አባዬ በተፍኪ በኩል በነበረችን ማሳ የሚያርስ ገበሬ ነበር፣ ሃይማኖቱንም የያዘው ከአባቱ እንዳየው ነበር፤ ማተቡ፣ ጾሙ፣ የወሩ ማርያም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ከመንደሩ በላይ ያለውን ዋርካ ቅቤ መቀባት፣ ሁሉም ለእሱ አንድ ነበር። በየእሁዱ ጠበል አምጥቶ የዲንቄን ዓይን ያጥብላት ነበር። እኔ እሷን ልምራ ብዬ ከትምህርት ቤት ቀረሁ፣ ማንበብ እንኳ በቅጡ ሳልችል። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው፣ «ኦቦ ለማ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል እዚህ ድረስ እየተሰማ ልጅቱን ምን አድርጊ ብለው ያስቀምጧታል?» ሲሉት፣ አባዬ «ትድናለች። እዚያ ካስገባኋት ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ነው» ይላቸው ነበር።

በግንቦት መጨረሻ የጓሮውን ክፍል ወንድም አበራ የሚባል ሰው ተከራየ። የየትኛው ቤተክርስቲያን ሰው እንደሆነ ሲጠየቅ «የመጽሐፉ ነኝ» ይል ነበር፣ መጽሐፍ ቅዱሱም ከብብቱ አይለይም። ለእማዬ እየገለጠ ያነብላታል፤ ዛፍ ቅቤ መቀባት የትም እንዳልተጻፈ፣ ሰዎች የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ትተው የራሳቸውን ወግ እንደሚጠብቁ ያሳያታል። እኔንም ምሽት ምሽት አጠገቡ አስቀምጦ ጣቴን ከመስመር መስመር እያስኬደ ማንበብ አስተማረኝ። ሰው አይቆጣም፣ አይመጻደቅም፣ ለዲንቄም ከረሜላ ያመጣላት ነበር። ስለ ዋርካው የተናገረው እውነት መሰለኝ። ከዚያ ግን ማተቡም እንደ ዋርካው ነው አለ፣ ጠበሉም እንዲሁ፣ እኔም የቱ ጋ ማመን ማቆም እንዳለብኝ ጠፋኝ። አባዬ ደግሞ፣ «መጽሐፉ ወደዚህ አገር ሳይመጣ አባቶቼ እግዜርን ያውቁ ነበር» ይላል፤ ያም እውነት ይመስለኝ ነበር።

ዝናቡ ሲገባ እማዬ የዲንቄን ማተብ በምላጭ በጠሰችው። አባዬ ከማሳ ሲመለስ አየና ምንም ሳይናገር ሌላ አሰረላት፣ እማዬ በጠሰች፣ እሱ አሰረ። ዲንቄ አንድ ቀን፣ «አንገቴን ተዉትና እስቲ ጆሮዬ እንዲሰማ ተጣሉ» ብላ ሁለቱንም ሳይወዱ አሳቀቻቸው።

በሐምሌ ወንድም አበራ ዲንቄ ድናለች ብሎ ነገረን። ፈውሱ ተፈጽሟል፣ ዓይኗን ያዘገየው የቤቱ ጥርጣሬ ብቻ ነው አለ። ስለዚህ እጇን መያዝ ክህደት ሆነ፣ ዱላ መስጠት ክህደት ሆነ፣ «ተጠንቀቂ» ማለትም እንደዚያው። ዲንቄ ወደ ግቢው የውሃ ጉድጓድ ስትጠጋ እማዬ ከንፈሯን ነክሳ ትቆም ነበር፣ እኔም ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ እውጠው ነበር። እሷ ግን ብልህ ነበረች፤ ግቢውን በዶሮዎቹ ጩኸት፣ በጭቃው ልስላሴ፣ ከጣሪያው በሚወርደው ውሃ ድምፅ ለይታ፣ በነሐሴ ከቤት እስከ ጓሮ ሳትደናቀፍ ትሄድ ጀመር። እማዬ «አየች» ብላ አለቀሰች። እኔ እንደማታይ አውቅ ነበር፣ ግን የእማዬን ፊት ሳይ፣ ምናልባት እምነት ማለት ይህ ይሆናል፣ ሰው ያላየውን አየሁ ሲል ቆይቶ ማየት ይጀምር ይሆናል እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገት ነበር።

በመስከረም ወንድም አበራ ምስክርነት እንድትሰጥ ወደ ቡራዩ ይዟት ሄደ፣ እኔና እማዬም አብረን ሄድን። በአንድ ሰው ግቢ በተተከለ የሸራ ድንኳን ውስጥ ብዙ ሰው ተቀምጦ ነበር። ወንድም አበራ ከእማዬ ትከሻ ነጠላዋን አንስቶ በዲንቄ ፊት ዘረጋና «ይህ ምንድን ነው?» አላት። ዲንቄ፣ «ነጠላ። ነጭ ነው፣ ጥለቱ አረንጓዴ» አለች። ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። ያ ነጠላ የእማዬን የራስ ቅቤ ይሸት ነበር፣ የጥለቱን ቀለምም ቀደም ብዬ የነገርኳት እኔ ነበርኩ። ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ እማዬ በመስኮት እያየች ፈገግ ስትል፣ ዲንቄ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ ነበር።

አባዬ ከማሳ ሲገባ እማዬ በሩ ላይ ጠብቃ ነገረችው። ሞፈሩን አስቀመጠ፣ ዲንቄ ፊት ተንበረከከ፣ እጁን ዘረጋ።

«ዲንቄኮ፣ ልጄ፣ ምን ይዣለሁ?»

ከማሳ ሲመጣ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም ነበር።

«የበቆሎ እሸት» አለች።

እጁ ባዶ ነበር። ማንም አልተናገረም፣ እሷም ዝምታውን ሰማች።

«እማዬ ደስ እንዲላት ብዬ ነው» አለች። «አንተም በጠበሉ ስታጥበኝ ቀለል አለኝ የምልህ ለዚያ ነው፣ አባ።»

ወንድም አበራ ከደጃፉ ሆኖ «ጥርጣሬ ገብቶ ነው፣ ኦቦ ለማ። እርስዎ ፈተኗት» አለ። እማዬ አላየችውም፣ ወደ እኔ ዞረች።

«የምትመሪያት አንቺ ነሽ። ታያለች?»

«አታይም፣ እማዬ።»

ወንድም አበራ በሳምንቱ ክፍሉን ለቆ ሄደ። አባዬ ዳግመኛ ጠበል አላመጣም፣ እማዬም ምላጭ አላነሳችም። መስቀል እንዳለፈ አባዬ ዲንቄን ወደ ትምህርት ቤቱ ሊወስዳት ሲነሳ፣ እማዬ ቀሚሷን አልብሳ ማተቡን በእጇ እንደያዘች ቆመች፣ ከዚያ «ይታሰርልሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

«በእጄ ስጪኝ» አለች ዲንቄ። «አስብበታለሁ።»

ዛሬ ሱሉልታ ታስተምራለች፣ ለበዓል ስትመጣ መጽሐፍ ቅዱስን በጣቷ እየዳበሰች ታነብልኛለች፣ እኔም ከራሴ መጽሐፍ ላይ ቀስ እያልኩ እከተላለሁ። ባለፈው ጊዜ ጌታ ስለ ሐሰተኞች ነቢያት ካስጠነቀቀበት ስፍራ ደረስን። ወንድም አበራ ጣቴን ይዞ ካስነበበኝ መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ «ተጠንቀቁ» ይላል። «ይህን አላነበበውም ይሆን?» አልኳት።

«አንብቦታል» አለችና ሳቀች። «ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መስሎት ነው።»

ያን ጊዜ አስተማሪ የሚመጣው በግቢያችን በር ነበር፣ ሲሄድም እቃውን ተሸክሞ ሲወጣ ይታይ ነበር። አሁን በልጆቼ ስልክ ውስጥ ብዙ አሉ፤ አንዱ ጾሙ ከንቱ ነው ይላል፣ ሌላው የተጸለየበት ዘይት ይሸጣል፣ ትልቁ ልጄም «እማዬ፣ ይሄ ወግ ነው እንጂ ቃል አይደለም» ይለኛል፤ አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም፣ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ንባቤ አይደርስልኝም። ያን ጊዜ በቤታችን የተከለከለውን ቃል ግን፣ «በቃ፣ ሰማንሽ» እስኪሉኝ ድረስ፣ ከበር ሲወጡም ሲገቡም እላቸዋለሁ።