በማስቲካ የታረቅንበት ቅዳሜ

ትናንት ልጄ ማያ ከትምህርት ቤት መጥታ ክፍሏ ገባችና በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። «ምን ሆንሽ?» ብላት «ናቲንግ!» አለችኝ። የልብ ጓደኛዋ እንዳኮረፈቻት የሰማሁት ከታናሽ ወንድሟ ነው፤ እሱም ምስኪኑ ያወቀው ያለ ጥፋቱ ጥፊ ቀምሶ ነው። በዚያ ዕድሜ አንዷ ከጓደኛዋ ስትጣላ ቤተሰቡ በሙሉ ይቀጣል። መቆጣት ሲገባኝ ሳቄ መጣ። በስደት ያደግኩባት የዩለስ ከተማ ትዝ አለችኝ።

ዩለስ ስንኖር፣ ዛሬ ማያ «አባባ» የምትለው አባዬ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች ዊልቸር ይገፋ ነበር። እኔ በማያ ዕድሜ ነበርኩ። ጓደኛዬ ሴላ ትባላለች፤ ቤተሰቦቿ ከቶንጋ ደሴቶች የመጡ ናቸው። ስትስቅ ከካፍቴሪያው ማዶ ትሰማለች። ሳልታዘዝ ሳህን ካጠብኩ እናቴ «ዛሬ ከሴላ ጋር ውላለች» ትል ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ለክፍላችን ልጆች፣ አባቴ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ማኔጀር ነው ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ሴላ በየዋህነቷ፣ «ከአክስቴ ጋር ዊልቸር አይደል እንዴ የሚገፋው?» አለች። ልጆቹ አውካኩ። እኔም ተናድጄ፣ «እናንተስ አንድ ቤት ውስጥ ታጭቃችሁ አይደል የምትኖሩት?» አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

አንድ ሳምንት ተኮራረፍን። እህል አስጠላኝ። ወንድሜ ሲተነፍስ እንኳን ያናድደኝ ጀመር። እናቴ ቡዳ በልቷት ነው ብላ ጠበል ልታስጠጣኝ ምንም አልቀራትም። አባዬ ግን ከሴላ ጋር መጣላቴን ሲሰማ ምክንያቱን እንኳን ሳይጠይቅ፣ አገር ቤት የሚያውቀውን አደረገ። ሽማግሌ ሰበሰበ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፒካን የሚሉት ለውዝ መሰል የዛፍ ፍሬ የእግረኛው መንገድ ላይ በሚረግፍበት ወቅት፣ አባዬ፣ ጋሽ ወርቁና ጋሽ ታደሰ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ሴላ ቤት በር ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኛለሁ። የሴላ አባት በሩን ከፍቶ ሰባኪዎች መሰሉት። «ቴንኪው፣ ቸርች አለን» ብሎ ሊዘጋው ሲል፣ አባዬ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ልጆቹን ሊያስታርቁ እንደመጡ አስረዳው። ይስቅብናል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰውየው ግን ይቅርታ ጠይቆ ገባና ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሴላንና አያቷን ይዞ ተመለሰ። ለካስ በእነሱም ዘንድ የታላቅ ሰው እግር በከንቱ አይመለስም።

የተቀቀለ ጎደሬ ቀረበ። የወላይታው ሰው ጋሽ ወርቁ አንዴ ጎርሰው፣ «ይሄማ የእኛው ጎደሬ ነው!» ብለው የመጡበትን ረሱት። ጋሽ ታደሰ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በሉ ልጆች፣ ያጣላችሁ ምንድን ነው?»

አባዬ ተረጎመ። አጠገቤ ተቀምጦ ከረባቱን እያስተካከለ ነው። ሴላ እውነቱን ከተናገረች በእሱ ማፈሬን በሰው ፊት ሊሰማ ነው። ሴላ እኔን አየች፤ አባዬን አየች።

«ማስቲካዋን ሰርቄባት ነው» አለች።

ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን በጥሞና መረመሩ። የማስቲካው ዓይነት ሳይቀር ተጠየቀ። ሴላ ተመከረች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ተቃቀፍን። በጆሮዋ «ሶሪ» ስላት ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ እኔም አላስቻለኝም።

ሽማግሌዎቹን አድርሰን መኪናው ውስጥ ሁለታችን ስንቀር፣ እያለቀስኩ ሁሉንም ለአባዬ ዘረገፍኩለት። መሪውን እንደያዘ ዞር ብሎ አየኝ።

«ማኔጀር ብቻ?» አለኝ። «ከዋሸሽ አይቀር፣ አውሮፕላን ማረፊያው የራሱ ነው አትዪም ነበር?»

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ። ቤት ልንደርስ ስንል ደግሞ፣ «ያቺ ልጅ እኔን ላለማሳፈር ብላ ሌባ ተባለች። እንዳትለቂያት» አለኝ።

አልለቀቅኋትም። ይኸው ዛሬም ማያን ከእግር ኳስ ልምምድ የምታመጣልኝ ሴላ ናት። ድሮ ያስታረቀን ማስቲካው ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ለአንዲት ልጅ ኩርፊያ ከረባት ማሰራቸው ራሱ ግማሽ እርቅ ነበር።

ትናንት ይህን ሁሉ ያወራሁት ማያ በር ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው። ማስቲካው ላይ ስደርስ ከውስጥ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ትንሽ ተከፈተ።

«ማሚ» አለችኝ፣ «አባባ ቅዳሜ ፍሪ ነው?»