የወንድሜን ባት እንደ ቆዳ ፋቅሁት

ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ወንድሜ አስፋው ሲያነክስ ባየሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። የሚያነክሰው በእኔ እጅ ነው።

ኮርቻ ሰፊ ነኝ። ሱቄ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ነው። ቆዳውንም የምፍቀው ራሴ ነኝ። ሰዉ ኮርቻዬን ይገዛል፣ ከእኔ ጋር ግን ማዕድ አይቆርስም፤ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። እናትና አባታችን ሲሞቱ አስፋውን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እሱ ግን "ፋቂ" መባልን ጠልቶ አጋሰስ ነጂ ሆነ። ጅማ ድረስ በእግሩ ደርሶ ይመለስ ነበር።

አንድ ቀን ገበያው መሐል ጭነት ሲያራግፍ በቅሎዋ ደነበረችና የጫነችው ግንድ ወድቆበት የግራ ባቱን ዘነጠለው። በቃሬዛ ተሸክመን አንድ የውጭ አገር ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ አወጣና አሰረለት። በአስተርጓሚው በኩል፣ "ፈልቶ በበረደ ውሃ እጠበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ በሌላ በምንም አትንካው፤ በሦስት ሳምንት አምጣው" አለኝ። ለምን እንደማልነካው አልጠየቅሁም። ፈረንጅ ፊት ብዙ መጠየቅ ያሳፍረኝ ነበር።

በሳምንቱ ጨርቁን ስፈታ ቁስሉ ውስጥ ቀይ፣ ቡግር ቡግር ያለ ሥጋ በቅሎ አገኘሁ። ትንሽ ሲነካ ይደማል። ክው አልኩ። በእኛ ሥራ ቆዳ ላይ ሥጋ ከተረፈ ይበሰብስና ቆዳውን ይዞት ይጠፋል። በልጅነቴ ስንት ጊዜ የተገረፍኩት ሥጋ አስቀረህ ተብዬ ነው። ታዲያ ያንን ሳይ ሌላ ምን ላስብ? ትንሿን የቆዳ መፋቂያ ብረት በእሳት አግዬ ቁስሉ እስኪነጣ ድረስ ፋቅሁት።

"ጋሼ፣ ሐኪሙ አይንኩት አላለዎትም እንዴ?" አለኝ አስፋው።

"ሐኪሙ ስለ ቆዳ ምን ያውቃል? ጥርስህን ነከስ አድርግ" አልኩት።

አመነኝ። በማግስቱ ቁስሉ እንደገና ቀልቶ ጠበቀኝ፤ እንደገና ፋቅሁት። በየጠዋቱ እንዲሁ። እጄ ለዚህ ሥራ አይታማም፣ ቅንጣት አላስቀረሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ወሰድኩት። ሐኪሙ ገልጦ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አስፋውን አልጋ ላይ ትተን ወደ ውጭ ወጣን። ማን እንደነካው ቢጠይቀኝ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁ። ገባው መሰለኝ በአስተርጓሚው አስረዳኝ። የተጎዳ ሥጋ ደም ካልደረሰለት አይድንም። የቀድሞዎቹ ሥሮች ስለተበጠሱ ዳር ዳር ከቀሩት ደህና ሥሮች ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ አዳዲስ የደም ሥሮች እየበቀሉ ወደ ቁስሉ ይገባሉ። ያ ቡግር ቡግር ያለው ቀይ ነገር እነሱ ናቸው። የሚደማውም ለዚህ ነው።

አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በየቀኑ የምትቆርጠው እነሱን ነበር። አሁን ቦታውን የሚሞላው ጠባሳ ነው" አለኝ።

እንዳለውም ሆነ። ባቱ ደርቆ ተኮማተረ፤ ተረከዙ መሬት አይነካም። የጅማ መንገድ ቀረ። አስፋው በቅሎዎቹን ሸጦ፣ ያንን የሸሸውን ሥራ ሊሠራ አጠገቤ ተቀመጠ።

አልነገርኩትም። እሱ ደግሞ ለመጣ ለሄደው ሁሉ፣ "ፈረንጁ ሥጋዬን ቆርጦ አሽመደመደኝ፤ ጋሼ ባያጸዳልኝ ኖሮ እግሬ ይቆረጥ ነበር" ይላል። ዓመታት ይህን እየሰማሁ አንገቴን ደፍቼ ስሰፋ ኖርኩ።

ባለፈው ክረምት አስፋው ክንዱ የቆሰለ አናጢ ይዞ መጣና፣ "ጋሼ፣ እንደ እኔ ይፋቁለት" አለኝ። ቁስሉን ገልጬ አየሁ። ቀይ ነው፣ ቡግር ቡግር ብሏል። ጨርቁን መልሼ ሸፈንኩለት። "ይህ እየዳነ ነው፣ ማንም እንዳይነካብህ፤ ሐኪም ጋ ሂድ" ብዬ አናጢውን ሸኘሁት። ከዚያ ለአስፋው ሁሉንም ነገርኩት።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። "ታዲያ ለምን ነገሩኝ?" አለኝ። "ፈረንጁን እየረገምኩ መኖር ይቀለኝ ነበር። እርስዎን ምን ብዬ ልርገም?"

አናጢው ድኖ መጋዙን ይዞ በደጃችን ሲያልፍ ሁለታችንም አየነው። አሁንም ጎን ለጎን ተቀምጠን እንፍቃለን። ባቱን መፋቄ እስክሞት ይቆጨኛል። መናገሬ ግን ለእሱ ብዬ ይሁን ለራሴ እንዲቀለኝ ብዬ፣ እኔ እንጃ። ለራሴ ከሆነም አልቀለለኝም።