ላይን፣ ሚስማሩና ሰባቱ ቀዳዳ

ስልክ ቤት የገባሁ ቀን አለቃችን ያስተማረኝ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነው፤ ላይን። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ።

ቃሉ ሁሉን ይችል ነበር። ምሰሶ ላይ ያለው ሽቦ ላይን ነው። ደንበኛው «ላይን ስጪኝ» ሲል ንግግር ፈልጓል። አዳራሹ ሲጨናነቅ ዘበኛው «ላይን ያዙ!» ይላል። መዝገብ ላይ የተዘለለ መስመርም ላይን ነው። የባቡር ሰዎች ከሰፈራቸው ከከዚራ ሲደውሉ በፈረንሳይኛቸው «ሊኝ» እያሉ ያሾፉብናል። እኛም እናሾፍባቸዋለን።

ሥራውን ያስተማረችኝ ግን ሐሊማ ናት። ከእኔ በፊት አራት ዓመት የሠራች ቴሌፎኒስት ነበረች። ባንድ ጆሮዋ ሶማልኛ፣ ባንዱ ኦሮምኛ እየሰማች ለእኔ ባማርኛ ትቆጣኛለች።

«አቦ አንቺ ልጅ! ገመዱን ከመንቀልሽ በፊት ‹ጨረሱ ወይ› በይ። ሰው አፉ ውስጥ ቃል እያለ አይነቀልም!»

ጠረጴዛችን ላይ ወደ ላይ የቆመ ረጅም ሚስማር ነበር። ደንበኛ የሚፈልገውን ቁጥር በወረቀት ይጽፋል፤ እኛ እንሰካዋለን። ቀድሞ የመጣው ከሥር ይሆናል። ስለዚህ ተራ በደረሰ ቁጥር ሁሉንም ወረቀት አንስተን፣ የታችኛውን አውጥተን፣ የቀረውን መልሰን እንሰካለን። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ከላይ ያለውን ያነሳል። እኔም ሳነሳ ሐሊማ እጄን በእርሳስ መታችኝ።

እኔ የምጠብቀው የፈረቃ አለቃነት ቦታ ክፍት በሆነበት ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ምሰሶዎች ወደቁ። ወደ አዲስ አበባ አንድ ላይን ብቻ ቀረ። ቀፊራ ገበያ በርበሬ የሚሸጡት እናት፣ አዴ ፋጡማ፣ አዳራሹ ውስጥ ቆመው ነበር። ልጃቸው ምጥ ጠንቶባት በባቡር አዲስ አበባ ሆስፒታል ተወስዳለች።

ተራቸው ሲደርስ አለቃችን የአንድ ነጋዴ ወዳጁን ወረቀት ይዞ መጣና በገዛ እጁ ከላይ ሰካው።

«ለዚህ ላይን ስጪ።»

«ተራው አልደረሰም ጌታዬ።»

«ላይኑ የአባትሽ ነው?»

«የአባቴ ቢሆን ለእርስዎ እሰጥ ነበር። የተራ ነው።»

ወረቀቶቹን አንስቼ የአዴ ፋጡማን ከሥር አወጣሁ፤ የቀሩትን ሰክቼ ገመዱን አገናኘሁ። አዴ ፋጡማ «በሕይወት አለች? ሁለቱም?» ብለው ጮኹ። ከዚያ እልል አሉ። «ጨረሱ ወይ?» ስል «ጨረስኩ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ ያ ላይንም ተበጠሰ።

በማግስቱ አለቃዬ «ለምታውቃት ሴት ከተራ ውጭ ላይን ሰጠች» ብሎ ጻፈብኝ። ከሥራ ታገድኩ። ቤቴ የሚያድረው በእኔ ደመወዝ ነበር። አንድ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው የማየው አንገቴን ደፍቼ ነው።

ተቆጣጣሪው ሲመጡ ሐሊማ የዚያን ቀን ወረቀቶች በሲባጎ እንደታሰሩ አመጣች። የአዴ ፋጡማን ወረቀት አምፖል ፊት ያዘችው።

«ይቁጠሩ ጌታዬ።»

ቆጠሩ። ሰባት ቀዳዳ።

«አንዱ አዴ ፋጡማ ሲመጡ የተሰካው ነው። ስድስቱ ስድስት ሰው ሲያሳልፉ፣ መልሰን በሰካነው ቁጥር የተበሱ ናቸው። አሁን የነጋዴውን ይቁጠሩ።»

ሁለት ነበር። አንዱን አለቃዬ ወጋው፤ ሁለተኛውን እኔ የአዴ ፋጡማን ሳወጣ። ተቆጣጣሪው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አለቃዬ አልሳቀም።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የፈረቃ አለቃነቱ ግን ለአለቃዬ እህት ልጅ ተሰጠ። እሷ እስከ መጨረሻው ወረቀት ከላይ ታነሳ ነበር፤ እኔም አላረምኳትም። አለቃዬ በክብር ተሸኘ። ለሽኝቱ ስጦታ አላዋጣሁም፤ ቅር እንዳለው ሰምቻለሁ፤ ይበለው።

አዴ ፋጡማ በየክረምቱ በርበሬ ይልኩልኝ ነበር። ሐሊማ ጡረታ ስትወጣ ሚስማሩን በመሃረብ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ላይንሽን ያዢ» አለችኝ። ቤቴ መስኮት ላይ ነው፤ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ እሰካበታለሁ።

ስልክ ቤት ለምትገቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተራ ማስጠበቅ ብቻውን አይበቃም፤ መጠበቁን የሚያሳይ ነገር አትጣሉ። እኔን ከሥራ እንዳልባረር ያዳነኝ እውነቴ ብቻ አይደለም፤ ሐሊማ ያልጣለችው ብጣሽ ወረቀት ነው።