ያልተሸጠልኝ ጫት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ውሃ ካለበሰበት ክረምት በፊት ይሁን በኋላ እንጃ። ልጄ በኋላ ነው ትላለች፣ እኔ ደግሞ በፊት ይመስለኛል። ዓመቱ ቢጠፋብኝም ግድ የለኝም፤ የሰዎቹ ፊት አልጠፋብኝም።

አንድ ጁምዓ ቀን ወደ መስጊድ ስሄድ መንገዱ ረዘመብኝ። ከአስፋልቱ እስከ መስጊዱ በር ሦስት ጊዜ ቆምኩ። በሦስተኛው ላይ አንድ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ምርኩዙን እያንኳኳ አልፎኝ ሄደ። ሰላምታም ሰጠኝ፤ ለመመለስ ትንፋሽ አጣሁ። ከዚያ እግሬ አበጠ፣ ጫማዬ አልገባ አለ፣ ጋደም ስል ውሃ ውስጥ የገባሁ ስለሚመስለኝ ግድግዳ ተደግፌ ማንጋት ጀመርኩ። ሚስቴ ከሞተች ቆይቷል። ልጄ ናት እዚያው ከሚሴ ሆስፒታል የወሰደችኝ፣ እነሱም ወደ ደሴ ላኩኝ።

የደሴው ሐኪም ትዕግስተኛ ልጅ ነበር። ደረቴን ረጅም ጊዜ አዳመጠና የደም ግፊቱ ልብዎን ለጥጦታል፣ ውሃው የሚጠራቀመው ልብዎ መግፋት ስላቃተው ነው አለኝ። ክኒኑን አንድም ቀን አያሳልፉ፣ ጨው ይቀንሱ አለና ጫት ይቅማሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልፎ አልፎ አልኩት። አርባ ዓመት ሙሉ አልፎ አልፎ። ጥርሴን አየና ፈገግ አለ።

«ከእንግዲህ ከቃሙ ግን» አለኝ፣ «እዚህ በእግርዎ አይመጡም።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ክኒኑን መዋጥ ቀላል ነው። ጨውም ይለመዳል። ጫቱን ከተውኩ እኖራለሁ፣ ካልተውኩ አልኖርም።

ቤቴ ስገባ ጠያቂው ጎረፈ። በእኛ አገር የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ይህ ደግ ነገር ነው ይባላል፤ እኔም ሌላው ሲታመም እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ተኝተህ ስታየው ሌላ ነው። ሁሉም እየገባ አብሽር፣ አይዞህ ይለኛል። አንዱ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ፣ የአጎቱ ልጅ ልክ እንደ እኔ እግሩ አብጦ ሦስት ቀን እንዳልቆየ ከነቀብሩ ዘርዝሮ ነገረኝና አንተ ግን አብሽር ብሎኝ ወጣ። ሌላው የአጥንት መረቅ ይዞ መጣ፤ ጨው እንዳይበዛበት ተብሏል ብትለው ልጄ፣ ጨው የሌለው መረቅ የውሻ ነው ብሎ ተቆጣ። አንድ የመሬት ደላላ ደግሞ መጣ። ያ ሰውዬ ከእኔ ይልቅ የቤቴን ግድግዳ ነበር የሚጠይቀው፤ ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለክቶ ሲጨርስ አላህ ያሽርህ አለኝ። አሚን አልኩት። ምን ልበለው።

ከሁሉ የባሰው ጎረቤቴ የእህል ነጋዴው ነው። ይህ ሰው ሲሰጥ ሰው ካላየው ክንዱ የማይዘረጋለት ሰው ነው። ለእኔ ልብ ወዳጃ ይደረግ ብሎ ወሰነ። ወዳጃ ማለት ለሚያውቀው ያውቀዋል፣ ሰው ተሰብስቦ ዱአ የሚያደርግበት፣ መንዙማው የሚባልበት፣ ጫቱም የሚቃምበት ነው። ዱአውን አልነቅፍም፤ ዱአ ያቆየኝ ሰው ነኝ። ዱአ የሚያውቁት ሸሃችን ግን በዚያ ቀን ወደ ባቲ ሄደው ነበር። የቀረነው እኛ ነን።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ነጋዴው ቤት ተሰበሰብን። መሐል ላይ ትራስ ደርበው አስቀመጡኝ፣ እንደ ሙሽራ። ጫቱ ተዘረጋ። ሐኪሙ ከልክሎኛል አልኩ፤ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ እንዳያፍሩብኝ። ነጋዴው ሳቀ።

«ፍየል ዕድሜዋን ሙሉ ትበላዋለች፣ ልቧን አመማት?» አለ። «ሐኪምህ ጫት አያውቅም። ላንተ ልብ ብለን መጥተን አንተ ዝም ብለህ ልታየን ነው?»

ጀመዓው ሁሉ ሳቀለት። እኔም ሳቅኩ። እዚህ ላይ እነሱን ብቻ ብንቅ ፍርድ አይሆንም። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው፣ እጄን ማንም አልያዘኝ፣ በይሉኝታ ቀንበጡን ቀጥፌ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ያን ዕለት ከተሰበሰበው ቂል ሁሉ ትልቁ ቂል ትራስ የተደረበለት ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ደህና ነበርኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ከዚያ ልቤ የመንዙማውን ከበሮ፣ ድቤውን፣ ጥሎ ለብቻው መምታት ጀመረ። ደረቴ ጠበበ፣ ላቤ መጣ፣ ትንፋሼን ፍለጋ ወደፊትና ወደኋላ መወዝወዝ ያዝኩ። ይህን ጊዜ አንዱ፣ ሐድራው ይዞታል፣ ዱአው ደረሰ አለ። በመንዙማ መሐል ልቡ ተነክቶ የሚወዛወዝ ሰው አለና፣ እኔንም ያ የያዘኝ መሰላቸው። ድቤውን ጨመሩበት። እኔ አየር አጥቼ እጄን ሳነሳ እነሱም እጃቸውን አነሱ። ነጋዴው እንባውን ይጠርግ ነበር አሉ፤ በእሱ ቤት ይህ ሁሉ ስለሆነ።

በዚያ መሐል ሁለተኛውን ጫት ያመጣች ሴት በር ላይ ቆመች። በጫት ተራው ጥግ ላይ የምትቀመጥ ሻጭ ናት። ሃያ ዓመት ያህል ከእሷ ስገዛ ስሟን ጠይቄያት አላውቅም። አንቺ ጫት ነበር የምላት፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንላት። ከእሷ እየገዛን እሷን መናቅ የእኛ ልማድ ነው፤ ቃሚው የተከበረ ሽማግሌ፣ ሻጯ ደግሞ የገበያ ሴት።

እስሩን ደፍ ላይ አስቀመጠችና አየችኝ። የማያት ይመስለኝ ነበር፣ ግን ፊቷ እየራቀብኝ ነበር። ወደ ውስጥ ገባች። ወንዶች ተቀምጠው፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

«ድቤውን ተዉት» አለች። «ከንፈሩን እዩት። ይኼ ሐድራም አይደለም፣ ምርቃናም አይደለም። ባሌ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው።»

ነጋዴው ማን ግቢ አለሽ እንዳላት ነው የነገሩኝ። አልመለሰችለትም። ከአስፋልቱ ባጃጅ ጠርታ፣ ብብቴን ይዛ አስነሳችኝ። እስከ ሆስፒታሉ በር ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፣ ይተንፍሱ አባ፣ ይተንፍሱ። ኦክስጅን አደረጉልኝ፣ መርፌ ወጉኝ፣ በሦስተኛው ቀን ተቀመጥኩ። ጀመዓው ጫቱን ጨርሶ እንደተነሳ በኋላ ሰማሁ። ለነገሩ ተገዝቷል፣ ምን ይደረግ።

እንግዲህ ሰው ከዚህ በኋላ ይማራል ብላችሁ ታስባላችሁ። እኔ ለሁለት ወር ያህል ተማርኩ። እብጠቱ ሲጎድል፣ እንቅልፍ ሲመጣ፣ ያ የቀትር ሰዓት ሲደርስ አፌ ባዶ ሆነብኝ። ትንሽ ብቻ አልኩ ለራሴ፣ ለስላሳውን ጫፍ ብቻ። ጥላዬን ያዝኩና ወደ ጫት ተራው ሄድኩ።

ከእሷው ዘንድ ነው የሄድኩት፤ ለካ ሰው የማያፍርበት የሚንቀው ሰው ጋ ነው። አካም፣ ፈያ ነዎት አባ፣ ደህና ነዎት ብላ በኦሮምኛም በአማርኛም በደስታ ተቀበለችኝ። እግሬን ዝቅ ብላ አየችና እብጠቱ ጎድሏል አለች። አንድ እስር ስጪኝ አልኳት። ፈገግታዋ ቀረ።

«ሂን ጉርጉሩ» አለችኝ። «አልሸጥልዎትም።»

የምትቀልድ መሰለኝ። ደገምኩላት፣ ደገመችልኝ። ተናደድኩ። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ዝምተኛ ሰው ነኝ፣ ያን ዕለት ግን ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«አንቺ ሻጭ ነሽ። ሻጭ ይሸጣል። ሐኪም መቼ ሆንሽ?»

«ሻጭ ነኝ አባ» አለች፣ ውሃ እየረጨችበት ነበር ቅጠሉን። «ለዚህ ነው ማን እንደሚሞት የማውቀው።»

ትቻት ወደ ቀጣይዋ ሄድኩ። ያችኛዋ ሳልናገር የኮባ ቅጠሉን ጫቱ ላይ ሳበችበት፣ ፍየል እንደመጣባት። ሦስተኛዋም፣ አራተኛዋም። የመጨረሻዋ፣ እንዳትሸጡለት ብላናለች፣ ለእሷ ሰው ደፍሬ ብሸጥ ነገ እዚህ አታስቀምጠኝም አለችኝ። ተራው ሁሉ ያየኛል። አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ አባባ ዛሬ ጾም ነው እንዴ ብሎ ተሳለቀብኝ። ቤቴ ገባሁ። ለከሚሴ ሴቶች ያልነገርኩት የስድብ ዓይነት አልቀረም፣ በልቤ።

በገበያ ቀን ተነስቼ ሰንበቴ ወደምትባለው ከተማ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ክኒኔን ውጬ ነው የሄድኩት፤ ይህን ስጽፈው እኔኑ ያስቀኛል፣ ሞትን ፍለጋ ሄዶ ክኒን አለመርሳት። ሰንበቴ ማን ያውቀኛል ብዬ ነው። ከቆላ ግመልና ፍየል የሚነዳ፣ ከደጋ እህል የጫነ፣ ሁሉም የራሱን ይጮሃል። አንዲት ሻጭ ዘንድ ቁጭ አልኩና አንድ እስር አልኳት። ፊቴን ሳይሆን ጥላዬን አየች። እጀታው ተሰብሮ በቀይ ገመድ አስሬው ነበር።

«ከከሚሴ ነዎት?» አለችኝ።

ከጨፋ ሮቢት ነኝ ብዬ ዋሸሁ፣ በሽበቴ።

«እንግዲህ ጨፋ ሮቢትም ቀይ ገመድ አለ» አለችና ከጎኗ ካለችው ጋር ተሳሳቀች። የከሚሴዋ ዘመድ ናት፣ ከአንድ ቦታ ነው ጫት የሚያስመጡት። ልቡ የታመመ፣ እጀታው በቀይ ገመድ የታሰረ ጥላ የያዘ አዛውንት ከመጣ እንዳትሰጡት፣ ቢቆጣም እንዳትሰጡት ተብለናል አለችኝ። ከዚያ ተነስታ የምቀመጥበት ዱካ ሰጠችኝ፤ ፀሐይ ነው አባ፣ ትንሽ ይረፉ አለች።

ዱካው ላይ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። ለአርባ ዓመት አብረን የቃምን ወዳጆች፣ ሐኪም ይገድለዋል እያለ፣ ጫቱን በነጻ ዘርግተው ድቤ መቱልኝ። እነዚህ በጫት የሚያድሩ ሴቶች ግን ገበያቸውን ትተው ከተማ ለከተማ ተጠራርተው ከለከሉኝ። ማንን ስንቅ እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ። ሙዝ ገዝቼ ወደ ከሚሴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሄጄ ጎኗ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ማለቱ አቃተኝ፣ ሙዙን ሰጠኋት። ክኒኑን ውጠዋል ወይ አለችኝ። ዋጥኩ አልኳት። ከዚያ ወዲህ በተራው ባለፍኩ ቁጥር አንዷ ብትረሳ ሌላዋ ትጠይቀኛለች። ባሏ እንዴት እንደሞተ ቀስ በቀስ ነገረችኝ፤ እሱም ጓደኞቹ መሐል ነው፣ እሱም ልቡን ያመዋል ተብሎ ነበር፣ ያን ቀን የቃመውን እራሷ ናት ያቀበለችው። ታዲያ ለምን ትሸጫለሽ አልኳት አንድ ቀን። ልጆቼን ሌላ ምን ላብላቸው አለችኝ። ሥራዋን አልወደውም። እሷም አትወደውም። በዚህ እንስማማለን።

ከዓመት በኋላ ነጋዴው የምስጋና ሰደቃ አደረገ። በእሱ ወዳጃ እንደዳንኩ በየመንገዱ ሲያወራ ቆይቶ ነበር፤ ድምፅ ማጉያ ተከራየ፣ ሸሁም መጡ። ተነሥቼ ለረዱኝ ሁሉ ዱአ እንዳደርግ ማጉያውን ሰጠኝ፣ አጠገቤም ቆመ፣ ስሙ ሲጠራ እንዲታይ።

እጄን አነሳሁ። ዱአ ስታደርግ ሰው አያቋርጥህም፤ ይህን አውቄ ነው። አላህ ሆይ አልኩ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ለገባችው፣ ከዚህ ቤት ተሸክማ ላወጣችኝ፣ ስለምናት ለከለከለችኝ ለጫት ሻጯ ረጅም ዕድሜ ስጣት፣ ለልጆቿም ከጫት የተሻለ እንጀራ ስጣቸው። ሸሁ ከሁሉ ቀድመው አሚን አሉ። ጀመዓው ተከተለ። ነጋዴውም አሚን አለ፣ እጁ ግን ወደ ማጉያው ተዘርግታ እንደቀረች ነበር። ሌላ የምጠራው ስላልነበረኝ ማጉያውን መለስኩለት።

ስሟን አሁን አውቀዋለሁ። እጽፈዋለሁ ብላት ሳቀችብኝ፤ ጫት ሻጭ በሉኝና ይለፉ አባ፣ የሚያውቀኝ ያውቀኛል አለችኝ። ልቤ ሲደክም ያሻገረችኝ እሷ ናት፣ በከሚሴ ጫት ተራ ጥግ ላይ የምትቀመጠው ጫት ሻጭ።