ጋሻ መሬት ከነወንዙ

መንሱር ይመር በሚኒያፖሊሱ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር የታወቀ ሰው ነው። በሥራው እንዳይመስላችሁ። ሥራውማ የዩኒቨርሲቲው መኪና ማቆሚያ በር ላይ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት መቀበል ነው፤ እዚያ አሥራ ስድስት ዓመት ሲቀመጥ ስሙን የጠየቀው ሰው የለም። መንሱር የሚታወቀው በመሬቱ ነው።

በፈረንጅ 1998 ስንተዋወቅ ኩታበር ላይ ካባቱ የወረሰው ሩብ ጋሻ መሬት ነበረው። በ2001 ግማሽ ጋሻ ሆነ። በ2004 ባቡሩ በሰፈራችን ማለፍ ሲጀምር ሙሉ ጋሻ ገባ፤ በዚያው ሰሞን ወንዝ ተጨመረበት። ይህ ሁሉ ሲሆን መንሱር ሁላችን ከምንሰበሰብበት የሰፈሩ ሻይ ቤት ወንበር ፈቀቅ አላለም። ሌላው አገር ቤት ድረስ ሄዶ፣ ተሟግቶ፣ ደጅ ጠንቶ የማያገኘውን መሬት እሱ ሻይ እየጠጣ አገኘው።

ሻይ ቤታችን ውስጥ እንግዲህ መሬት የሌለው ሰው የለም። የጭነት መኪና የሚነዳው ኤዶሳ አርሲ ላይ ሁለት ጋሻ የስንዴ ማሳ አለው። የኔ የወረኢሉ ሁለት ጋሻ ደግሞ እውነተኛ ነው፤ ከነሱ ጋር እንዳታደባልቁብኝ። አንድ ያልተጻፈ ሕግም አለን፤ የአንዱን መሬት ሌላው አይለካም። «ድንበሩ የት ድረስ ነው? በምን ያዋስንሃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አንዱ ከተለካ ሁላችንም መለካታችን ስለማይቀር ሕጉን አክብረን በሰላም እንኖር ነበር።

ሰላማችንን ያደፈረሰው የስኮትላንድ ገዳም ነው።

የመንሱር ልጅ ኢቅራ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ በትርፍ ሰዓቷም አንድ የታሪክ ፕሮፌሰር ቢሮ ጽሑፍ ትተይባለች። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ስኮትላንድ ውስጥ የነበረ አንድ ገዳም ስንት መሬት እንደነበረው በመመርመር ነው። ገዳሙ ፈርሷል፤ መነኮሳቱ አፈር ሆነዋል፤ መሬቱንም የወሰደው ወስዶታል። እሱ ግን ሚኒያፖሊስ ተቀምጦ አሁንም ይለካል። መነኮሳቱ መሬታቸውን የሚቆጥሩት በበሬ ነበር አሉ። ስምንት በሬ ባንድ ማረሻ ተጠምዶ የሚያርሰውን መሬት ለስምንት ይከፍሉና አንዱን እጅ የአንድ በሬ ድርሻ ይሉታል። ይህ የበሬ ድርሻ ስንት ነው? ገሚሱ ምሁር አሥራ ሦስት ኤከር ነው ይላል፤ የኛ ፕሮፌሰር አይደለም ይላል። በዚህ የተነሳ ሃያ ዓመት ሙሉ ተኮራርፈዋል።

ኢቅራ ይህንን ስትተይብ ቆይታ አንድ ቀን ቀና አለችና፣ «ማይ ዳድ ሃድ ላንድ ላይክ ዛት» ብላ የአባቷን መሬት ነገረችው።

ፕሮፌሰሩ በማግስቱ ሻይ ቤታችን ከች አለ። ቀይ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ፣ አንዱ ካልሲ ሰማያዊ ሌላው ቡናማ የሆነ ረጅም ሰው ነው። ደብተሩን ዘረጋ። የመንሱር እንግሊዝኛ ከቲኬት ስለማያልፍ ኢቅራ በመሀላቸው ተቀምጣ ታስተረጉማለች።

«አንድ ጥማድ በሬ በቀን ስንት ያርሳል?»

መንሱር ሻዩን ፉት አለ። «እንደ በሬው ነው።»

«መካከለኛ በሬ ቢሆንስ?»

«እንደ መሬቱ ነዋ። ዋልካ ነው? ቀይ አፈር ነው? ድንጋያማ ነው?»

«መካከለኛ በሬ፣ መካከለኛ መሬት።»

«እንግዲያው እንደ አራሹ ሚስት ነው። ምሳ ቶሎ ካመጣች ሰፋ ይላል።»

ፕሮፌሰሩ የሚስትየዋንም ጻፈ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ጠየቀ። መንሱርም፣ «በሬውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ በተራ በተራ ያርሳል፤ መቀናጆ ነው የምንለው» አለው። ሰውየው ከወንበሩ ብድግ አለ። ለካ ስኮትላንዶቹም እንደዚያው ያደርጉ ኖሯል። መንሱር ደግሞ የሚሰማው ካገኘ ማን ያቆመዋል? ሳይጠየቅ ጨመረለት።

«ጥማድ የምንለው የአንድ ቀን እርሻ መሬትም ሁለት ዓይነት ነው። ጌታው ሲያሳርስህ ጥማዱ ይሰፋል፣ ለራስህ ሲሰጥህ ይጠባል። ዋናው ጥያቄ ቀላዱን የያዘው ማነው ነው። መለኪያ ገመዱን ማለቴ ነው፣ ንገሪው።»

ፕሮፌሰሩ ይህችን ሁለት ጊዜ አሰመረባት። ከዚያም ከሻኮፒ ወዲያ የድሮ አኗኗር የሚታይበት አንድ እርሻ እንዳለ፣ እዚያም የሠለጠኑ በሬዎች እንዳሉ ተናገረ። «ቅዳሜ መጥተው ይረሱልኝ፤ እኔ እለካለሁ» አለ።

ሃያ ሰው እያየው እምቢ ይበል? «ኢንሻአላህ» አለ መንሱር። ኢቅራ ዘላ አቀፈችው። ይህች ልጅ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ወዲህ አባቷን የጠየቀችው የመኪና ቁልፍ ብቻ ነበር፤ ዛሬ «ሂ ኖውስ ኤቭሪቲንግ!» እያለች ለፕሮፌሰሩ ታስረዳለች። የአባቷ ፊት አመድ እንደመሰለ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስንወጣ መንሱር ደረጃው ላይ እጄን ያዘኝ።

«ዋለ፣ አለቀልኝ» አለኝ ስሜን ጠርቶ።

«ማረስ አትችልም እንዴ?»

«ማረስማ ምን ችግር አለው! መሬቱ ነው የሌለው። ሰውየው ሲለካ ደግሞ ስለሱ መጠየቁ አይቀርም።»

ሕጉ ሕግ ነውና ጆሮዬን መድፈን ነበረብኝ። እሱ ግን ዘረገፈው። አባቱ የሰው መሬት እኩል የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። እሱም እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ካባቱ ጋር ለጌታው አርሷል፤ ኋላ ተማሮ ደሴ ገባና ኩሊ ሆነ። መሬት ለአራሹ ተብሎ ሲታወጅ አራሹ ደሴ ላይ ኬሻ ተሸክሞ ነበር፤ መሬቱ ለሌላ ታደለ።

«ልጄ ሕፃን ሳለች አስተማሪዋ አባትሽ ምንድን ነው ብላት እያለቀሰች መጣች» አለኝ። «ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ነው በይ ልበላት? ባለርስት ነኝ አልኳት። አሁን በፕሮፌሰሯ ፊት ውሸታም መሆኔን ስታውቅ ዓይኗን እንዴት ብዬ ነው የማየው?»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል» አልኩት ላጽናናው።

«የኔ ወንዝ ጨመረ እኮ» አለኝ።

እጁም ቢሆን አርባ ዓመት እርፍ አልነካም። ስለዚህ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ለመፍታታት ሚሲሲፒ ዳር ወዳለው መስክ ወረድን። ሞፈር የለም፣ የሱቅ ጋሪ አለ። በሬ የለም፣ እኔና ኤዶሳ አለን። ኤዶሳ ቀኝ በሬ ካልሆንኩ አልጠመድም አለ፤ እኔም ከዘሬ ግራ በሬ የሆነ የለም አልኩ። በመጨረሻ በዕድሜ ተሸነፍኩ። መንሱር ገመዱን ትከሻችን ላይ ጣለና፣ «ሂድ ዳልቻ!» ብሎ በገመዱ ጫፍ ጆሮ ግንዴን አለኝ። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይህ ነው። ሁለት ትልም እንደሄድን የፓርኩ ጥበቃ ብስክሌቱን አቁሞ ምን እያደረግን እንደሆነ ጠየቀ። ኤዶሳ እያለከለከ፣ «ሪሰርች» አለው። ሰውየው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ብዙ ነገር አይቶ ነው መሰለኝ፣ መልካም ዕድል ተመኝቶልን ሄደ።

ቅዳሜ በኔ ቫን ሄድን። መንሱር ከጎኔ፣ ኢቅራ ከኋላ ተቀምጠዋል። ስንደርስ ዱክና ዳን የሚባሉ ሁለት ቀያይ በሬዎች ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ቫኔን ያካክላሉ። ጠባቂያቸው የገለባ ባርኔጣ የደፋች አሮጊት ናት። ማረሻው ባለ ሁለት እጀታ ነው።

«ሁለት እጄን ይሄ ከያዘው ጅራፉን በጥርሴ ልይዝ ነው?» አለ መንሱር።

አሮጊቷ ጅራፍ ክልክል ነው አለች።

«ታዲያ በምን ይሄዳሉ? በልመና?»

ቢስሚላህ ብሎ ያዘ። «ሂድ!» አለ። ዱክ አንድ ጆሮውን አንቀሳቀሰ። «ኧረ ና! ሳብ!» አፏጨ፣ ተቆጣ፣ ለመነ። በሬዎቹ የሚኒሶታ ልጆች ናቸው፤ ባማርኛ ብትለፈልፍላቸው መልስ የላቸውም። ፕሮፌሰሩ ሰዓቱን አየ። የመንሱር ላብ ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ በጀርባው ወረደ።

ያን ጊዜ አሮጊቷ ኢቅራን ጠርታ አራት ቃል አስተማረቻት፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ ማቆሚያ፣ «ጂ» ወደ ቀኝ፣ «ሃው» ወደ ግራ። ኢቅራ ሂጃቧን አጥብቃ ከዱክ ጎን ቆመች። አባት ባማርኛ ያዛል፤ ልጅ ለበሬ ታስተረጉማለች።

«ወደ ቀኝ በይው ያንን ሰነፍ!»

«ጂ!»

«ቀስ! ቀስ ይበል!»

«ኢዚ፣ ዱክ!»

«ያባቱ እርግማን ይድረሰውና!»

ይችኛዋን አልተረጎመችም።

የመጀመሪያው ትልም ጠማማ ወጣ። ሁለተኛው ቀና። ሦስተኛው ላይ መንሱር ጫማውን አውልቆ ወረወረ፤ አራተኛው ላይ ማዘዝ ትቶ ማንጎራጎር ጀመረ። እኔ ሳጥን ውስጥ ጎብጦ የማውቀው ሰው ትከሻውን ነፍቶ አፈሩን እየገለበጠ ሲሄድ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ኢቅራ ወደ ኋላ እየዞረች ታየዋለች፣ ትስቃለች፣ መልሳ «ሃው!» ትላለች። እስከ ቀትር እንዲህ አረሱ።

ፕሮፌሰሩ በሜትር ለካ፣ ጻፈ፣ ደመረ። ከዚያ ያችን የፈራናትን ጥያቄ አመጣት።

«ጥማድ ሁለት ዓይነት ነው ብለውኝ ነበር። እርስዎ በመሬትዎ ላይ ለሚያርሱት ሰዎች ሲለኩላቸው በሰፊው ነበር ወይስ በጠባቡ?»

ኢቅራ ተረጎመችለት። መንሱር እኔን አየኝ፤ እኔ ዳንን አየሁ። አንድ «በሰፊው» ቢል ነገሩ ያልፋል፤ ጋሻው ይተርፋል፣ ወንዙም ይፈሳል። ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«ቀላዱን የያዝኩት እኔ አልነበርኩም» አለ። «እኔ የተለካብኝ ነኝ። ጋሻው የጌታው ነው። ግማሹን ለሱ እያስገባን እናርስ ነበር እንጂ አንድ ክንድ መሬት ኖሮኝ አያውቅም። ወንዙም ውሸት ነው። ንገሪው።»

ኢቅራ አባቷን አየችው፤ ጭቃ የበላ እግሩን፣ ከኋላው የተገለበጠውን አፈር አየች። ፕሮፌሰሩ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። ወደሱ ዞረችና፣ «ዊ ዲድንት ኦውን ኢት» አለች። «ዊ ፕላውድ ኢት።»

የኛ አልነበረም፤ ያረስነው ግን እኛ ነን ማለቷ ነው። ኩታበርን በካርታ እንኳ አይታ የማታውቅ ልጅ ራሷን ከአራሾቹ ጋር ቆጠረች። መንሱር ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ።

ፕሮፌሰሩ ግን በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ሃያ ዓመት ያነበበው ሁሉ ቀላድ ያዦቹ መነኮሳት የጻፉት ነው፤ የተለካበት ሰው ያስጻፈው አንድ መስመር አላገኘም። እኛ «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ስንል ቢያንስ አራሹን በመጨረሻ እናነሳዋለን፤ እሱ ባነበበው ብራና ላይ በሬው ይቆጠራል፣ አራሹ አይጠራም። አዲስ ደብተር አወጣና ከመጀመሪያው እንጀምር አለ። ኢቅራንም በሴዳር ያሉትን ያረሱ ሰዎች ሁሉ እየጠየቀች እንድትጽፍለት ለመናት።

ስንመለስ ከኋላ ወንበር ድምጿ መጣ። እስከዚያ ድረስ ባማርኛ የጠየቀችው ሁሉ የፕሮፌሰሩን ነበር፤ ይህ የራሷ ነው።

«አባ፣ ያንተ በሬዎች ስማቸው ማን ነበር?»

«ቡሬና ዳልቻ» አለ መንሱር። «እነሱም የጌታው ነበሩ» ብሎ ጨመረ።

ኢቅራ ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ተከተላት። ሚኒያፖሊስ እስክንገባ አላባሩም።

እሑድ መንሱር ሻይ ቤት ገባና ቆሞ፣ «መሬት የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም» አለ። ማንኪያ የሚያማስል ሰው ጠፋ። ኢቅራ ደብተርና አንድ ጥቅል ገመድ ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች። ኤዶሳ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «የኔም... አንደኛው ጋሻ የአጎቴ ነው» አለ። ሁለተኛ ሻይ ሲመጣ ሁለተኛውም የአጎቱ ሆነ። ከዚያ በየጠረጴዛው ተጀመረ። በዚያች ከሰዓት ሴዳር ሪቨርሳይድ ውስጥ አንድ አውራጃ የሚያህል መሬት ጠፋ።

የኔ ሁለት ጋሻ እውነተኛ ነው ብያችሁ ነበር።

«አንክል ዋለ፣ ያንተስ?» አለችኝ ኢቅራ።

ተነስቼ ከጠረጴዛው ወደ በሩ ተራመድኩ። ስድስተኛው እርምጃ ላይ ቆምኩ። እናቴ ከቤታችን ጀርባ የጎመን መደብ ነበራት፤ ላም ከተኛችበት ጎመኑ አይታይም። መሬታችን ይህችው ስድስት እርምጃ ናት፤ ሌላ የለንም። ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። መንሱር መጣና የገመዱን አንድ ጫፍ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ቀላዱን አንተ ያዝ» አለኝ።

ለካን። ኢቅራ ቁጥሩን ጻፈችና ቀና አለች።

«በማን ስም ልጻፈው?»

«ሮማነወርቅ በይ» አልኳት። «እናቴ ናት።»