ሁለት ጊዜ የተሞላችው ቀለህ

ገና ልጅ ሳለሁ ተረት ሲባል የቀለጠ እርሳስ ይሸተኝ ነበር። እናቴ ኤደን ፕሬሪ ቢሮ ስታጸዳ ስለምታመሽ፣ ማታ ማታ የሚጠብቀኝ የቤታችን ባለቤት ጋሽ ሐጎስ ነበር። ሚኒሶታ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ውስጥ ካለው ቤቱ ላይኛውን ፎቅ ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ደግሞ ከታች ቤዝመንቱ ውስጥ አንድ የሥራ ጠረጴዛ ነበረው። አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። እኔን «ጓለይ» ይለኛል፤ በትግርኛ ሴት ልጄ ማለቱ ነው።

ጠረጴዛው ላይ አንዲት አሮጌ ሽጉጥ ነበረች። ድሮ የስዊዘርላንድ መኮንኖች የሚታጠቋት፣ ጥይቶቿን በሚዞር ክብ ብረት ውስጥ የምትይዝ ሽጉጥ ናት። ለእሷ የሚሆን ጥይት ሱቅ ውስጥ አይገኝም፤ ስለዚህ ጋሽ ሐጎስ ራሱ ይሠራላት ነበር። የሌላ ጠመንጃ ቀለህ፣ ባሩድ የሚያዝበትን የጥይት ቀፎ፣ ቆርጦ ያሳጥርና ይሞርዳል፣ እርሳስ በትንሽ ምድጃ አቅልጦ በጥይት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያፈሳል፣ ከዚያ እሁድ ከዉድበሪ ወዲያ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ወስዶ ወረቀት ይመታባታል። ከወረቀት በቀር የመታችው ነገር የለም።

ተረቱን የሚነግረኝ እርሳሱ እስኪቀልጥ ነበር። የምድጃው ሽቦ ፍም መስሎ ሲቀላ፣ ከእርሳሱ ላይ ቀጭን ጭስ ሲነሣ፣ የጠረጴዛው መብራት የጋሽ ሐጎስን እጆች ብቻ ሲያሳይ፣ እኔ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ያኔ የሚነግረኝ ስለ አንድ ጅብ ነበር። ጅቡ ስዊዘርላንድ ሄዶ የጦር ሰፈር ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል። የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ቦት ጫማ አድርጎ፣ በበረዶው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ማንም አይለየውም። ግን ወጥ ቤት አጥንት በተቀቀለ ቁጥር ሳቁ ያመልጠዋል። «አቤት መከራው!» ይልና ጋሽ ሐጎስ ራሱ እንደ ጅብ ይስቃል፤ እኔም ትምህርት ቤት ድምፄ የማይሰማው ልጅ፣ ቤዝመንቱ እስኪያስተጋባ እስቅ ነበር።

ባሩዱ ሲከፈት ግን ተረት ይቆማል። ሕጉ ይህ ነበር። ቀለሆቹ በእንጨት ገበታ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ እሱ ከግራ ጫፍ ጀምሮ ወደ ቀኝ በትንሽ ማንኪያ ባሩድ እየሰፈረ በየተራ ይሞላቸዋል። የሚገባው ባሩድ ጥቂት ስለሆነ የቀለሁን ግማሽ እንኳ አይደርስም፤ ስለዚህ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ ቢጨምርበት ቀለሁ ሞልቶ አይፈስም፣ ከላይም አያስታውቅም። በመጨረሻ በባትሪ መብራት የእያንዳንዱን ቀለህ ሆድ ያያል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እርሳሱን ይገጥምበታል። «ይህቺ ሽማግሌ ናት ጓለይ፤ ከልኳ በላይ ካጎረስሻት ትፈነዳለች» ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ባሩዱን እየሞላ ገበታውን አጋምሶ ሳለ ደረጃው ተንቋቋ። የመጡት ጋሽ ይልማ ነበሩ። ከጋሽ ሐጎስ በዕድሜ የሚበልጡ፣ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ ሠርግም ለቅሶም ያለ እሳቸው የማይሆን ሰው ናቸው። ጋሽ ሐጎስ ማንኪያውን እንደያዘ ብድግ አለ።

«ኖር!»

«በእግዚአብሔር! ተቀመጥ፣ ተቀመጥ አንተ።»

እሱ ግን መቼ ይቀመጣል! ሌላ ወንበር ስላልነበረ የራሱን ለቀቀላቸውና በጠረጴዛው ማዶ ዞሮ ቆመ። ታላቅ ሰው ሲገባ እንዲህ ነው የሚደረገው። ገበታው ግን አልዞረም። ቅድም በግራው የነበረው ጫፍ አሁን በቀኙ ሆነ። ጋሽ ይልማ ስለ አንድ ሽምግልና ማውራት ጀመሩ፤ ጋሽ ሐጎስም ዓይን ዓይናቸውን እያየ «ወይ ጉድ! ይገርማል!» እያለ ማንኪያውን ባሩድ ውስጥ ነከረ። እጁ እንደለመደው ወደ ቀኝ፣ አስቀድሞ ወደሞላው ጫፍ ሄዶ በአንዷ ቀለህ ላይ ባሩድ ደገመባት።

አየሁት።

«ጋሼ፣ እሷ ሞልታለች» አልኩ።

ጋሽ ይልማ ወሬያቸውን አቆሙ። «ሐጎስ፣ ይህቺ የማን ናት?»

«የላይኞቹ ተከራዮች ልጅ ናት።»

«ታዲያ ትልቅ ሰው ሲናገር አፍ ይከፈታል እንዴ? አይ የሚኒሶታ ልጆች! ጥሬ ናቸው እኮ!» ብለው ሳቁ።

ጋሽ ሐጎስ አፈረ። እኔ ግን አላቆምኩም። «ደብል አድርገሃል ጋሼ!»

«ውጪ!» አለኝ። «ወደ ላይ!»

እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም ነበር። ወጥቼ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባትሪውን ያነሣ እንደሆነ ብዬ ጨለማው ውስጥ አፍጥጬ ጠበቅሁ። አላነሣም። እንግዳ እያወራ አንገትን ደፍቶ ቀለህ ውስጥ ማየት ነውር ነው። «በል ቶሎ ጨርስና ቡና ወዳለበት ውሰደኝ» አሉት ጋሽ ይልማ፤ ወዲያው እርሳስ የሚገጥመው ማሽን ሲጫን ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ ነገርኳት። «እማ፣ ጥይቱ ልክ አይደለም፣ ንገሪው።»

«ዝም በይ! አንቺ ነሽ ለሐጎስ ብረት የምታስተምሪው?» አለችኝ። እሷ ይህን ስትል ታች የጋሽ ሐጎስ መኪና ሞተር ተነሣ።

ሽጉጧ ተኩስ ሜዳው ላይ ፈነዳች። ያ የሚዞረው ብረት ተሰንጥቆ የጋሽ ሐጎስን የግራ እጅ ሁለት ጣቶች ወሰደ። ሲመሽ ከሆስፒታሉ ኢመርጀንሲ እጁን ጠቅልለው መለሱት፤ ሳየው አለቀስኩ።

ሊጠይቁት የመጡ ሰዎች ሳሎኑን ሞሉት። እናቴ ሻይ ትቀዳለች፣ እኔ ስኳር አዞራለሁ። ጋሽ ይልማ መሃል ተቀምጠው በእኔ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይህቺ ናት! እሱ ሲሠራ ስትለፈልፍበት፣ ስትለፈልፍበት አሳሳተችው። በዓይኔ ያየሁት ነው።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ «ይቅርታ አድርጉልን» እያለች ለሁሉም አንገቷን ደፋች። ስኳሩን እንደያዝኩ ወደ ጋሽ ሐጎስ ዞርኩ። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃኝ ነበር። እሱ ምንጣፉን አየ፣ የታሰረ እጁን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «ልጅ ናት፣ ይቅር ብያታለሁ» አለ።

ይቅር ብያታለሁ! ሰዎቹ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» አሉ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያላጠፋሁትን ጥፋት በሰው ፊት በእጄ አስይዞኝ፣ እሱ ደግ ተባለ።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ አንድ ምሽት ወደ ቤዝመንቱ ጠራኝ። ምድጃው በርዶ ነበር። «ጓለይ፣ እንደነገርሽኝ አውቃለሁ» አለ። «ግን እንግዳዬን፣ ያን የሚያህል ሰው፣ በሰው ፊት እንዴት ላዋርድ?»

«እኔስ?»

«አንቺማ ልጅ ነሽ፤ ትረሺዋለሽ» አለኝና ሳይጨርሰው የቀረውን የጅቡን ተረት ቀጠለ። ጅቡ ደመወዙን ሊቀበል ሲሰለፍ ተነሥቼ ወጣሁ። ሲጠራኝ እየሰማሁ በሩን ዘጋሁበት።

ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ ቤት ከለቀቅን ቆየን። ድግስ ላይ ስንገናኝ ጋሽ ሐጎስ በጎደለው እጁ ራሴን ይዳብሰኛል፤ ጋሽ ይልማም ያንን ወሬ እንደ ቀልድ ያወሩታል፤ ሰው ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ተረቶቹን ብዙዎቹን ረስቻለሁ። የእርሳሱን ሽታ አልረሳሁም፣ «ይቅር ብያታለሁ» ያለበትንም ድምፅ አልረሳሁም። አስተማሪዎቼ፣ የእናቴ ጓደኞች፣ ሁሉም «ምነው ይህቺ ልጅ አትናገርም?» ይላሉ። እናቴም «ዓይን አፋር ናት፣ ከድሮም እንዲሁ ናት» ብላ ትመልስልኛለች።

ተናግሬ ነበር እኮ። ሁለት ጊዜ ተናግሬ ነበር።