እንቁላል ያለበት ፓስታ

ይህ የሆነበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም፤ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር በገባን በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ዊንተር ይመስለኛል። ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም በዘይት ሲቁላላ በሸተተኝ ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ድሬዳዋ ያለው የእናቴ ቤት ነው።

አባቴ ፓስታ ፋብሪካ የቀን ሠራተኛ ስለነበረ ስብርባሪውን በከረጢት ይዞልን ይመጣ ነበር። ስፓጌቲው፣ መኮሮኒው፣ ለሾርባ የምትሆነው ትንሿ ኮከብ ሁሉ ተደባልቆ ይመጣና፣ እናቴ ሰፌድ ላይ ዘርግፋ ወፍራሙን ከቀጭኑ ትለይ ነበር፤ አንድ ላይ ከተቀቀለ ግማሹ ሳይበስል ግማሹ ይሟሟል። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤው ይቀርና፣ በቲማቲም ድልህ ብቻ ሠርታ፣ «ዱቄትና ውኃ ነው፣ ብሉ» እያለች ታቀርብልን ነበር። እኔም ፓስታ ማለት ዱቄትና ውኃ ነው ብዬ አደግሁ።

ቶሮንቶ ባለቤቴ ጽጌ ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ስትሠራ፣ እኔ ቤት ሆኜ አበስል ነበር። አገር ቤት የቀረችውን ልጃችንን ስፖንሰር አድርገን ስንጠብቅ ጽጌ ሁዳዴን በስለት ያዘች። እኔም ከጣሊያኖቹ ሱቅ እንደ ወፍ ጎጆ የተጠቀለለ ቢጫ ፓስታ እያመጣሁ፣ በወይራ ዘይትና በሽምብራ ሠርቼ እጠብቃት ነበር። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ካሸሯ፣ የአገራችን ልጅ፣ ማዕተቤን አየችና፣

«አባባ፣ እየጾሙ አይደል እንዴ? ይሄ እኮ ኤግ አለው» አለችኝ።

«ለእንግዳ ነው» ብዬ ዋሽቼ፣ ከፍዬ ወጣሁ።

ሁለት ቀን ለጽጌ ሳልነግራት ሽሮ ሠራሁ። ስለቷን አፍርሼ የልጃችንን መንገድ የዘጋሁባት መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትገባ ነገርኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ።»

የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረችና፣ «እኔ ደግሞ ዘንድሮ እጁ ጣፈጠ እያልኩ ነበር» አለች። ቆይታ፣ «እሑድ አብረን ሄደን ለንስሐ አባታችን እንነግራቸዋለን።»

እሑድ አባ ፊት እንደቆምን፣ «አባ፣ ሁለታችንም አጥፍተናል» ብላ ቀደመችኝ። እሳቸውም «ሳታውቁ ነው፤ የቀረውን በርትታችሁ ጹሙ» ብለው አሰናበቱን።

ልጃችን የመጣችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በልጅነቴ ምግቡ ውስጥ ያለውን የሚነግረን የእናት አፍ ነበር፤ አሁን መደርደሪያ ፊት ቆሜ፣ ያችን ደቃቃ ጽሑፍ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነባለሁ። ያን ሰሞን ጥፋቱን የሁለታችን አድርጋ ቀና ብዬ እንድሄድ ያደረገችኝ ግን ጽጌ ናት።